ኮንጋው ዝም ያለ ዕለት

ኮርቴዝ ዊትሎው የቤቴ ደረጃ ላይ ተቀምጦ «እኔ ከዚህ ሰፈር ንቅንቅ አልልም» ሲል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማው ነበር። ካሜራው እሱ ላይ ነው። ደረጃው ግን የኔ ነው። ከኋላው የሚታየው አረንጓዴ በርም የኔ ነው፣ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። እሱ ከሰፈሩ ከወጣ ልጆቹ ተወልደው ኮሌጅ ጨርሰዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤትና ሰፊ ሣር አለው። ያን ዕለት ጠዋት ራሱ ሣሩን ሲያጭድ ቆይቶ ነው የመጣው፤ የጫማው ጫፍ ላይ አረንጓዴው ገና አልደረቀም።

ወርጄ ጫማውን ለካሜራው ላሳይ ምንም አልቀረኝም። የያዘችኝ ባለቤቴ ቬርኔታ ናት።

«ተው» አለችኝ በሹክሹክታ። ውጭ ድምፅ እየተቀዳ ስለሆነ በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ ነው የምናወራው። «ሰውዬው ደረጃህን ተሸክሞት አይሄድም።»

«አፉን አትሰሚውም? ንቅንቅ አልልም ይላል እኮ!»

«አንተን ቁጭ በል ቢሉህስ ምን ልትል ነበር? ጉሮሮህን ስትጠራርግ ፊልሙ ያልቅ ነበር።»

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ድምፅ ቀጂው፣ ኮልቢ የሚባለው፣ ማቀዝቀዣው ይጮኻል ብሎ ሶኬቱን ነቅሎታል። መልሶ መሰካቱን እንዳይረሳ የመኪናውን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስቀምጣል። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ ቁልፉን ሊወስድ ሲመጣ ሶኬቱ ትዝ ይለዋል። ያን ዕለት ግን ኮርቴዝ «ና በኔ መኪና እንሂድ፣ ምሳ በኔ ነው» ብሎ ይዞት ሄደ። ወደ ማታ ማቀዝቀዣውን ብንከፍተው ቬርኔታ ለእሑድ ያሰናዳችው ዓሣ ሸቷል፣ ቁልፉ አጠገቡ ተቀምጧል። ለፊልሙ ያዋጣሁት ይኸው ዓሣ ነው እንዴ አልኩ።

እኔና ኮርቴዝ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አንድ ባንድ ውስጥ ነን። የምንጫወተው ጎጎ የሚባለውን ሙዚቃ ነው። ከዋሽንግተን ውጭ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እዚህ ግን ያለ ጎጎ ሠርግም ልደትም የለም። እሱ ጠሪ ነው። ጠሪ ማለት ማይክ ይዞ ከፊት የሚቆም፣ ከሚዘፍነው የሚጠራው የሚበዛ ሰው ነው። የሰው ስም ይጠራል፣ የመጡበትን መንገድ ይጠራል፣ የታመመውንና የታሰረውን ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ ያልተጠራ ደግሞ እዚያ የነበረም አይመስለው።

እኔ ኮንጋ፣ ያንን በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ፣ መቺ ነኝ። ጎጎ ውስጥ በዘፈንና በዘፈን መሃል ዝምታ የለም። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ጥሩንባ ነፊው ላቡን ይጠርጋል፣ ጊታር መቺው ከሴቶች ጋር ያወራል፣ ጠሪው ይጠራል፤ ኮንጋው ግን እስከሚቀጥለው ዘፈን ድረስ ሰዉን ይዞ ይቆያል። ያንን ቦታ ኪስ እንለዋለን። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኪስ ውስጥ ነው። ውኃ የምጠጣው ቤቴ ገብቼ ነው።

ፊልም ሠሪዋ ፔጅ ሃሎዌል የመጣችው በጸደይ ነው። ስለ ሙዚቃችን፣ ደግሞም ሰፈራችንን ቤት በቤት እየገዛ ስላስወጣን ገንዘብ ፊልም ልሠራ ነው አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። የሰጧትን ትበላለች፤ የዶሮ ክንፍ በማምቦ ሶስ፣ በሰፈራችን ጣፋጭ ቀይ ማባያ፣ አቅርቤላት ጣቷን ስትልስ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያገኘችው እኔን ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በመንገዳችን ላይ ከዱሮዎቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ በሬን አንኳኳች፣ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጠችኝ። ከዚያ እኔው ቂሉ «ኮርቴዝንም ብታናግሪው ጥሩ ነው» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። በገዛ እጄ! እሱ አፉን ሲከፍት ልጅቱ እኔን ረሳችኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ የምትመጣው ለደረጃው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው እንዳልሆንኩ ቬርኔታ ትመሰክርልኛለች። በገንዘቡ ቀንቼበት አላውቅም። በጋራዡም አልቀናሁም። ከሰፈር ሲወጣ ዕቃውን የጫንኩለት እኔ ነኝ፣ ሶፋውን በጀርባዬ ነው ያወረድኩት። ታዲያ እሱ ሣሩን ይዟል፣ እኔ ደግሞ ሰፈሩን ይዣለሁ ብዬ ረክቼ ነበር። አሁን ግን ያንን አንድ ነገር፣ የቀረሁ መሆኔን፣ መጥቶ ካሜራ ፊት ሲለብሰው አንጀቴ እርር አለ።

ከሁሉ የባሰው የፖሊሱ ጉዳይ ነው። ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃዬ ላይ ተቀምጬ ኮንጋዬን ቀስ አድርጌ እየመታሁ ነበር። ከጎኔ ያለውን ቤት የገዛው ብሬንት የሚባለው ሰውዬ ለፖሊስ ደወለ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከእናቴ በወረስኩት ቤት በር ላይ መታወቂያ ተጠየቅሁ። ቬርኔታ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላወራችም። ይህንን ለፔጅ የነገርኳት ሶፋዬ ላይ ነው። ለኮርቴዝም ያኔውኑ ነግሬው ነበር።

እና ሰውዬው ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በገዛ ደጃፋችን ከበሮ መታችሁ ተብሎ ፖሊስ ተጠራብን። እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን።» ድምፁ ተሰበረ። ፔጅ ዓይኗን ጠረገች።

ካሜራው ሲጠፋ ወረድኩ።

«ኮርቴዝ፣ ያን ዕለት የት ነበርክ?»

«የቱን ዕለት?»

«ፖሊስ የመጣብን ዕለት።»

«ውይ እሱን! አቦ ዴል፣ ያንተም የኔም ያው ነው እኮ።»

«ያው አይደለም። ጉልበቱ የኔ ነው። እጁም የኔ ነው። አንተ ሣር ታጭድ ነበር።»

«በፖሊስ የሚቀና ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። «በቃ ወንድሜ፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡብህ ደውልልኝ፣ አብረን እንያዛለን።»

ኮልቢ ሳቀ፣ ፔጅ ሳቀች፣ ከኋላዬ በሩ ላይ የቆመችው የገዛ ሚስቴም ሳቀች። ኮርቴዝ ሲስቅ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ስንት ዘመን ከጀርባው ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር ነው። ቬርኔታ ከዚያ ወርዳ የሎሚ ኬክ ስትቆርስለት ትልቁን ቁራሽ ሰጠችው። አየሁት፣ ዓይኔ ነው የመዘነው።

በሳምንቱ ፔጅን ብቻዋን ያዝኳት።

«እኔስ የታለሁ እዚህ ፊልም ውስጥ?»

«ሚስተር ጋስኪንስ፣ የርስዎ ቦታ ኮንሰርቱ ላይ ነው» አለችኝ። «አስቤበታለሁ። ሁለተኛዋ ካሜራ ከርስዎ አትነሳም።»

«ስሜስ?»

«ኮርቴዝ ሲጠራዎት ይገባል። እሱን ነው የምጠብቀው።»

ልቤ ረካ። መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ሕፃን ሆንኩ። በኛ ልማድ ጠሪው ኮንጋ መቺውን የሚጠራው ከሁሉም በኋላ ነው። መሣሪያው ሁሉ ዝም ይላል፣ ኮንጋው ብቻውን ይቀራል። ያኔ ስሙ ይጠራል፤ እሱም አፍ ስለሌለው በእጁ ይመልሳል። በአንድ ፕሮግራም አንድ ጊዜ የማገኛት እሷን ናት፣ ግን ሙሉ በሙሉ የኔ ናት። እሷ ከተቀረጸች ደረጃውንም ፖሊሱንም ይውሰድ፣ መርቄለታለሁ አልኩ።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የሥራ ቦታዬን ሰው ሁሉ አሳወቅሁ። አለቃችን «እንግዲህ ጥቁር መነፅር አድርገህ ልትነዳ ነዋ፣ ተሳፋሪ ፈርም ብሎ እንዳያስቸግርህ» አለችኝ። የኮንጋዎቹን ቆዳ አስቀየርኩ። ሰማያዊ ሸሚዝ ገዛሁ። ቬርኔታ ስትተኩሰው «ሙሽራው፣ ኮሌታህን ላጠንክረው?» እያለች ትስቅብኛለች፤ እሷም ግን ለዚያ ቀን አዲስ ቀሚስ ገዝታ ነበር።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዳራሽ ሆነ። የኛ ታዳሚ አርጅቷል፣ ጉልበት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጥቶ፣ በልቶ፣ ጨፍሮ ሳይመሽ ይገባል። ከየሜሪላንዱ፣ ከየቨርጂኒያው፣ ሰፈሩ የተፋው ሁሉ መጣ። ፔጅ ጎረቤቴን ብሬንትንም ጋብዛው ኖሮ የወረቀት ሳህን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለተኛዋ ካሜራ በሦስት እግሯ ከቀኜ ተተክላለች። ቀይ መብራቷ ይታየኛል። ዕድሜዬን እንደዚያ መትቼ አላውቅም፣ እጄ ራሱ ደስ ብሎታል።

ኮርቴዝ መጥራት ጀመረ። መንገድ በመንገድ ጠራ። ሲጠራ ሰዉ እጁን እያነሳ ይጮኻል። ከዚያ ማይኩን ይዞ ከመድረኩ ወረደና ከፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት አሮጊት፣ ወደ ሚስ ኦዴሳ ሄደ። ጎንበስ ብሎ የሞተ ልጃቸውን ስም ጠራ። «ዳሬል!» አለ። አዳራሹ «ዳሬል!» ብሎ መለሰለት። ሚስ ኦዴሳ እጁን ይዘው አለቀሱ። እሱም ተንበርክኮ አለቀሰ።

ያኔ ፔጅ በእግር ጣቷ እየረገጠች መጥታ የሁለተኛዋን ካሜራ ልጅ ትከሻ ነካች። ልጁ ካሜራውን አነሳና ሄደ። ፔጅ ወደኔ ዞራ ጣቷን አንድ አድርጋ አሳየችኝ፣ አንድ ደቂቃ ማለቷ ነው። እኔ መምታቴን ቀጠልኩ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ሁለቱም ካሜራዎች ኮርቴዝንና አሮጊቷን ከበዋል። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። የኔ ሰዓት ናት። ኮርቴዝ ተነሣ፣ ፊቱን በመሃረብ ጠረገ፣ ማይኩን ወደ አፉ አቀረበ።

«ኮልቢ!» አለ። «የድምፁ ሰው ኮልቢ! ፔጅ! እዚያ ግድግዳው ጋ ያለኸው ሰውዬ፣ ስምህን ባላውቀውም እንኳን መጣህ!» ሰዉ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ኮርቴዝ ነኝ፣ ዛሬም ከደረጃዬ አልተነሣሁም!»

ከዚያ ወደ ጊታሩ ዞሮ ለሚቀጥለው ዘፈን እጁን አነሳ።

አልጠራኝም። ብሬንትን ጠርቶ እኔን አልጠራኝም። ስላሰብኩት ነገር ብትጠይቁኝ፣ ያሰብኩት ዞረው እንዲያዩኝ ብቻ ነው፤ አንዴ ዞር ብለው ይህ ሁሉ በማን እጅ ላይ እንደቆመ ቢያዩ ብዬ ነው። እጆቼን ከኮንጋው ላይ አነሳሁ።

አዳራሹ ጭጭ አለ።

እኛ በወጣትነታችን ሙዚቃ በመሃል የሚቆመው በአንድ ምክንያት ነበር። የሚስ ኦዴሳ ልጅ የሞተው እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ የኛው ባንድ ሲጫወት ነው። ተኩሱን የሰማ ሰው አልነበረም፣ ጫጫታ ነበራ። ያወቅነው ከበሮው ሲቆም ነው። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሰው ሁሉ፣ ከበሮ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ ያውቀዋል።

ሰዉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወንበር ተገለበጠ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊቶች ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣ የዶሮ ክንፉና ሰላጣው ላያቸው ላይ ፈሰሰ። ሚስ ኦዴሳ ከወንበራቸው ተንሸራተው በደረታቸው ተኙ። ቆመው የቀሩት ፔጅ፣ ኮልቢ፣ ሁለቱ ካሜራ ያዦችና ብሬንት ብቻ ናቸው። እነሱ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ዙሪያቸውን ያያሉ።

ቆም በሉ፣ ምንም የለም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እጆቼን አየር ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ደግሞም ጊዜ አላገኘሁም፤ ኮርቴዝ መጥቶ ወደቀብኝ። ከመድረኩ በታች ነበር እኮ፣ ባለበት መተኛት ይችል ነበር! ጉልበቱን ዘመናት የሚያመው ሰውዬ መድረኩ ላይ ዘሎ፣ ስፒከሩን ረግጦ፣ ሽቦ እየበጠሰ መጥቶ ከነወንበሬ ወደ ኋላ ጣለኝ። በቁመቱ ሁሉ ተኛብኝ።

«የት ጋ ነው? ዴል! የት ጋ መታህ?»

በሁለት እጁ ደረቴን፣ ሆዴን፣ አንገቴን ይዳስሳል። ደም እየፈለገ ነው። ያ ሁሉ ወዙ ጠፍቷል። አዲሱ ሸሚዜ ተቀደደ።

«ወንድሜ አትሙትብኝ። አትሙትብኝ እሺ? የት ጋ ነው?»

«ደህና ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ቆምክ?»

«እጄ... እጄ ደነዘዘ» አልኩ።

ከላዬ ተነሣና አጠገቤ ተቀመጠ። እጆቼን ይዞ ገለበጣቸው፣ ጣቶቼን አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቃቸው እጆች ናቸው። ከዚያ ዓይኔን አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ሰበርኩ።

ተነሥቶ ማይኩን ፈለገና «እጁ ነው! ሰዎች፣ እጁ ደንዝዞበት ነው፣ ተነሡ፣ ሁሉም ሰላም ነው!» አለ። ሰዉ እየተሳሳቀ፣ እየተላቀሰ፣ እየተደጋገፈ ተነሣ። ሚስ ኦዴሳን ግን ወዲያው ወደ ቤት ወሰዷቸው። በዚያ ዕለት ከዚያ በኋላ አልተጫወትንም።

ቬርኔታ ያን ቀን ማታ እጄን በካምፎር ቅባት አሸችልኝ። በማግሥቱም አሸች። ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘም፣ «ነርቭ ሊሆን ይችላል» አለ። እሷ ቅባቱን በትልቁ ብልቃጥ ገዛች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እራት ከበላን በኋላ «እጅህን አምጣ» ትላለች። እሰጣታለሁ። አንዳንዴ ሲደክማት እጅ ትቀይራለች፤ ግን አትተውም። ጎኗን ያማታል፣ አዳራሹ ውስጥ ስትወድቅ ነው የተመታችው። የሷን ጎን የሚያሽ የለም።

ኮርቴዝ ግን እንደ ዱሮው አይደውልም። እኔም አልደወልኩም። እንዲያውም፣ ልንገራችሁ፣ ተቀይሜው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ፊት ዘሎ መጥቶ የወደቀብኝ፣ ያም አምሮበት ነው። እኔ እንደዚያ ልዘል እችል ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ። እንደማልችል ሲገባኝ እንደገና እናደዳለሁ።

ፊልሙ የታየው መኸር ላይ፣ መሃል ከተማ ትልቅ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። እኔንና ቬርኔታን ከፊት አስቀመጡን። ጨለመ። መጀመሪያ የታየው የኔ በር ነው። ከዚያ ኮርቴዝ። ከዚያ እንደገና በሬ። ብሬንት ሳይቀር ታየ፣ «ስለ ድምፁ አዝናለሁ፣ አላወቅሁም ነበር» ይላል። እኔ የለሁም። በጨለማው ውስጥ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር፤ ቬርኔታ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

ከዚያ አዳራሹ መጣ። ሚስ ኦዴሳ፣ ኮርቴዝ፣ «ዳሬል!» ከኋላ ኮንጋው ይሰማል፣ ማን እንደሚመታው አይታይም። ቆመ። ሰዉ ሲወድቅ ታየ። እዚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ያን ጊዜ ኮርቴዝ ሥር ስለነበርኩ ምንም አላየሁም ነበር፤ ገና ያኔ ነው ያየሁት።

ካሜራው ኮርቴዝን ትቶ ወለሉ ላይ ወደምትድህ አንዲት ሴት ዞረ። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሁሉም ሰው ባለበት ተጋድሟል፣ እሷ ብቻ በጉልበቷና በክንዷ በሰው ላይ እየተሳበች ወደ መድረኩ ትሄዳለች። አንዱ እግሯን ይዞ «ተኚ!» ይላታል፤ በእርግጫ ትመታውና ትቀጥላለች። ሌላ ድምፅ አልነበረም፣ ሙዚቃም የለም። የሚሰማው የሷ ድምፅ ብቻ ነው።

«ዴልበርት!» ትላለች። «ዴልበርት ጋስኪንስ! መልስልኝ! ዴልበርት! ዴልበርት!»

ስሜ ያንን ሲኒማ ቤት ሞላው። ትልቅ አድርገው ነበር የቀዱት። ለቅሶ ቤት እንደሚጠራ ነው የምትጠራኝ። እኔም በፊልሙ ውስጥ አልመልስላትም፤ ከኮርቴዝ ጀርባ ሥር ሁለት እጆቼ ብቻ ወጥተው ይታያሉ፣ ጤነኛ እጆች፣ ዝም ብለው ተዘርግተው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ቬርኔታ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። እጇ ካምፎር ካምፎር ይሸታል።

መብራት ሲበራ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ፔጅና ኮርቴዝ ወደ መድረኩ ወጡ፤ ጥያቄ ተጀመረ። አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ተነሥታ «ያን ዕለት ከበሮው ለምን ነበር የቆመው? ፊልሙ አልነገረንም» አለች።

ፔጅ ወደ ኮርቴዝ አየች። ኮርቴዝ ማይኩን እንደያዘ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ያኔ ሊሰጠኝ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ማይኩን ወደኔ አቀረበ፣ አንተ ተናገር ማለቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዲያ እንዲያዩኝ ነበር ያን ሁሉ ያደረግሁት። ለመነሣት ሞከርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ልናገረው ነበር። ቀንቼ ነው ልል ነበር።

ቬርኔታ ቀደመችኝ።

«እጁ ነው» አለች፣ ከተቀመጠችበት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ኮራ ብላ። «ስንት ዘመን ሳያርፍ ሲመታ ኖሮ እጁ ደነዘዘበት። በየማታው አሽለታለሁ። አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። እዩት!»

እጄን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። ሲኒማ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ባለ ነጭ ፀጉሯ ሴት ታለቅሳለች፣ ፔጅ ታለቅሳለች፣ ሰዉ «ዴልበርት! ዴልበርት!» እያለ ስሜን ይጠራል። እጄ ቬርኔታ እጅ ውስጥ ሆኖ አየር ላይ ቆሟል፤ አላወረድኩትም።

ኮርቴዝ ብቻ አላጨበጨበም። ማይኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊቱን አዞረ።